የካሊማንታን የቦይ ግድቦች፦ የሚያፈርሳቸው ውሃው ነው ወይስ ሰዉ?

አዝመራ12
ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ሞቃት አገር ፒት በአማርኛ የሚገኘው ጽሑፍ አብዛኛው የካርበን ቁጥር ነው፤ መንደሩ የለበትም። ፒት ስል ውሃ ውስጥ ተነክሮ መበስበስ ያቃተውን፣ ለሺህ ዓመታት የተነባበረውን የግንድ፣ የሥርና የቅጠል ቅሪት ማለቴ ነው። የተሻለ ስም ያለው ካለ ይለግሰን።

በኢንዶኔዥያ ማዕከላዊ ካሊማንታን የመንደር ሰዎች ረግረጉን ያደረቁትን ቦዮች በእንጨት ግድብ እየዘጉ ነው። ብዙዎቹ ግድቦች ግን ጥቂት ዓመት ሳይቆዩ ይፈርሳሉ ይባላል። ለምን? አሠራሩስ በዝርዝር እንዴት ነው? ከዚህ ውስጥ ለኢሉባቦር ጨፌ የሚበጅ ነገር ይገኝ ይሆን? ዓመቶቹን ሁላችንም በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ፣ እንዳንደናገር።

የአፈር_ሰው
ስሙ "ፒት" ይሁን። "ጥቁር አፈር" ካልነው ከመረሬ ጋር ይምታታል፤ መረሬ ሸክላ ነው፣ ይሄ ግን እንጨት ነው ማለት ይቻላል። በኢንዶኔዥያ ደንብ ፒት የሚባለው 65 በመቶና ከዚያ በላይ ኦርጋኒክ ቁስ ያለበት፣ ውፍረቱም ከ50 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ነው።

ከግድቡ በፊት ቦዩን እንረዳ። ጤነኛ ፒት 90 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። አንድ ሊትር ፒት አድርቃችሁ ብትመዝኑ 100 ግራም ገደማ ነው የሚቀራችሁ። ቦይ ሲገባበት በመጀመሪያ ውሃው ወጥቶ መሬቱ ይቀመጣል፤ ከዚያ አየር ያገኘው ክፍል መበስበስ ይጀምራል። በሱማትራ በተጠነፈፉ ተክል ልማቶች የተለካው መስመጥ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት 1.4 ሜትር ገደማ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ፒት ሲሠራ የሚያድገው ደግሞ በዓመት 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ነው። ሒሳቡን ለእናንተ ልተወው።

የካሊማንታኑ ጉድ የተጀመረው በ1995 ነው። ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ 1 ሚሊዮን ሄክታር ረግረግ የሩዝ ማሳ ይሁን ብለው አዘዙና ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ቦይ ተቆፈረ። በሁለት ወንዞች መካከል ያለ ፒት እንደ ተደፋ ሳህን መሐሉ ከፍ ይላል፤ ቦዮቹ ይህንን ጉብታ ለሁለት ሰንጥቀው አለፉ። ሩዙ አልሆነም። ፒቱ ራሱ ፒኤች 3 እና 4 ላይ የሚውል አሲዳም ነው። ከሥሩ ያለው ሸክላ ደግሞ ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን አለበት፤ ፓይራይት አየር ሲነካው ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። በ1997 ኤል ኒኞ መጣና ያ ሁሉ የደረቀ ነገር ነደደ። በዚያ ዓመት ከኢንዶኔዥያ የፒትና የደን እሳት የወጣው ካርበን ከ0.81 እስከ 2.57 ቢሊዮን ቶን ተገምቷል። ፕሮጀክቱ በ1999 ተዘጋ፤ ቦዮቹ ግን ዛሬም ውሃ እየጠጡ ነው።

ግድብ_ሠሪ
ወደ አሠራሩ ልግባ። ከ2 እስከ 4 ሜትር ስፋት ያለውን ትንሽ ቦይ እንውሰድ፤ የመንደር ጉልበት የሚችለው እሱን ነው።

የቦዩን ቁልቁለት ሳትለኩ አንድ ግንድ እንዳትቆርጡ። መሣሪያ ከሌለ ብርሃን የሚያሳልፍ ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፎች ማነጻጸር ይበቃል። ከአንዱ ግድብ ላይና ታች ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት ከ25 ሳንቲ ሜትር ብዙ እንዳይበልጥ። ቦዩ በኪሎ ሜትር 50 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ከሆነ በየ500 ሜትሩ አንድ ግድብ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ 10 ኪሎ ሜትር ቦይ 20 ግድብ ይፈልጋል። "አንድ ትልቅ ግድብ አይሻልም ወይ?" የሚል ሁሌም አይጠፋም። አይሻልም። ፒት እንደ ወንፊት ውሃ ያሳልፋል፤ የ1 ሜትር ልዩነት ካሸከማችሁት ውሃው በሥርና በጎን ቀዳዳ ፈልጎ ይወጣል።

ግድቡ ሁለት ረድፍ ችካል ነው። ችካሉ ብዙ ጊዜ ጋላም የሚባለው የረግረግ ዛፍ ሲሆን ውፍረቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ፒቱን አልፎ ሸክላው እስኪይዘው ድረስ ይመታል። ፒቱ ጥልቅ ሆኖ ሸክላ ካልተገኘ ረጅም ግንድ መጠቀምና በአግዳሚ ማሰር ግድ ነው። በሁለቱ ረድፎች መካከል ከ1 እስከ 2 ሜትር ክፍተት ይተዋል። ውሃ በሚመጣበት በኩል ጂኦቴክስታይል ጨርቅ ወይም ወፍራም ሸራ ይዘረጋና መሐሉ በጆንያ አፈር ይሞላል። ጆንያው ውስጥ የሚገባው ሸክላ ቢሆን ይመረጣል። ከሌለ በደንብ የላመና እርጥብ የሆነ ፒት ይሁን፤ ደረቅና ጭረታም ፒት የሞላችሁበት ጆንያ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ እንደ ቡሽ ተንሳፍፎ ይሄዳል።

ክንፉን አትርሱ። ግድቡ በግራም በቀኝም ዳርቻው ውስጥ ቢያንስ 2 ሜትር ይግባ። ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ዝቅ ያለ አፍ መሐል ላይ ይሁን፣ ከአፉ ሥር ደግሞ ውሃው ሲወድቅ መሬቱን እንዳይቦረቡር ጆንያ ወይም ግንድ ይነጠፍ።

እንጨቱን በጀልባ ማድረስ የሚቻለው ቦዩ ሙሉ ሳለ ነው፤ ግንባታው ደግሞ ውሃው መጉደል ሲጀምር ይቀላል። ስለዚህ ዕቃው በዝናብ ማብቂያ ይቅረብ፣ ሥራው ወዲያው ይከተል። በጋ ገብቶ ቦዩ ከደረቀ በኋላ ያሰበ ሰው 6 ሜትር ግንድ በጭቃ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል።

ለጥያቄህ ቀጥተኛ መልስ፦ ውሃው በጎን ዞሮ ነው የሚያፈርሳቸው። አንዳንዴ ግድቡ ደህና ቆሞ በዙሪያው ያለው ፒት ይሰምጥና ግድቡ ብቻውን እንደ ደሴት ይቀራል። ውሃ ውስጥ ያለው ግንድ ረጅም ዕድሜ አለው፤ እየረጠበ እየደረቀ የሚኖረው ክፍል ግን ቶሎ ይበሰብሳል።

ሳተናው
ወንድም ግድብ ሠሪ የጻፍከው ሁሉ ልክ ነው፤ መልሱ ግን ግማሽ ነው። መጋዝ የነካቸው ግድቦችም አሉ።

ቦይ ሲባል አንድ ዓይነት አይደለም። የአገሩ ነባር ሕዝብ በሆኑት በንጋጁ ዳያክ ሰፈሮች ቢያንስ ሦስት ስም አለው። ሃንዲል ከወንዙ ዳር ተነስቶ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ መንደሩ በእጁ የቆፈረው የእርሻ ቦይ ነው። የሃንዲል አለቃ አለው፤ ጽዳት የሚያስወጣ፣ የቀረውን የሚቀጣ፣ መሬት የሚያከፋፍል እሱ ነው። ሃንዲል ባሕሩ ሞልቶ የወንዙን ውሃ ወደ ላይ ሲገፋው ውሃ ይቀበላል፣ ሲመለስ አሲዱን አጥቦ ይወጣል፤ ስለዚህ ከወንዙ ብዙ አይርቅም፣ ጥልቁ ፒት ውስጥም አይገባም። ታታስ ደግሞ አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ ወደ ጫካ ለመግባት የቆፈረው ጠባብ መንገድ ነው። እንጨቱ፣ ራታን የሚባለው ሐረግና ዓሣው የሚወጣው በሱ ነው፤ ሌላ ሰው ሲያልፍበት ለባለቤቱ ይከፍላል። ሦስተኛው መንግሥት በኤክስካቫተር የቆፈረው ነው፤ እሱ ባለቤት የለውም፣ ተጠቃሚው ግን ብዙ ነው።

እንግዲህ ካርታ ይዞ የመጣ ፕሮጀክት ለሦስቱም "ቦይ" ብሎ ተመሳሳይ ቀይ ነጥብ ያደርግባቸዋል። ታታሱን ሲዘጋ የአንድን ሰው በር እየዘጋ ነው። ባለቤቱ ካልተጠየቀ፣ ካሳው ካልተነገረው፣ ጀልባው በየት እንደሚያልፍ ካልተወሰነ ሌሊት መጥቶ አንዱን ችካል ቢነቅል ማን ይፈርድበታል? በሰባንጋው፣ በ2004 ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ማለት ነው፣ እንጨት ቆራጮች የቆፈሯቸው ቦዮች ብዙ ናቸው፤ እዚያ ግድብ መሥራት ማለት በቅድሚያ ከቦዩ ባለቤት ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ማለት ነው።

ሥራውን የት መጀመር እንዳለብን የሚነግረን ይሄ ነው፦ ከላይ ከጉብታው፣ ማንም ከማይሄድበት ጫፍ። እዚያ ያለው ውሃ ለመላው ረግረግ ጠቃሚ ነው፣ ተቃዋሚውም ትንሽ ነው። ሃንዲሉን ግን ለአለቃውና ለገበሬው ተዉት።

ግድብ_ሠሪ
እሺ፣ ተረታሁ። ለጀልባ የሚሆነውን ልጨምር። የግድቡን አፍ 1 ሜትር ያህል ስፋት ሰጥታችሁ በላይም በታችም በኩል በለስላሳ ሳንቃ ተዳፋት ሥሩለት። ውሃው ሳንቃውን ስለሚያረጥበው አንድ ሰው ባዶ ቀጭን ጀልባ ብቻውን ጎትቶ ያሳልፋል። ውሃው የሚጠፋው በአፉ ልክ ብቻ ነው። የመንግሥቱ ሰፋፊ ቦዮች ላይ ግን ይሄ አይሠራም፤ እነሱ በማሽን የተጠቀጠቀ ፒት ይፈልጋሉ፣ ያ ደግሞ የመንደር ጉልበት አይደለም።

የአፈር_ሰው
ስለ ሕጉ አንድ መስመር። በ2014 የወጣውና በ2016 የተሻሻለው የመንግሥት ደንብ ለምርት በተፈቀደ ፒት ላይ ውሃው ከመሬቱ ወለል ከ0.4 ሜትር በታች እንዳይወርድ ያዛል፤ ከ3 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ፒት ደግሞ መጠበቅ አለበት። ውሃው በ10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር በሄክታር በዓመት ወደ 9 ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምራል ተብሎ ይሰላል። ስለዚህ 40 ሳንቲ ሜትር ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያቆምም።

ረመጥ
እሳቱን ማንም አላነሳም፤ መንደሩን ግድብ እንዲፈልግ የሚያደርገው እኮ እሱ ነው። በ2015 ኢንዶኔዥያ ውስጥ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ተቃጠለ፤ የዓለም ባንክ ጉዳቱን 16 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል። በማግስቱ፣ በጥር 2016፣ የፒት ማገገሚያ ኤጀንሲ የተቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው።

የፒት እሳት ነበልባል የለውም። ማታ አመድ ውስጥ የተዳፈነ ፍም ጠዋት ሲጫር እንደሚገኘው ነው፤ ላዩ ሞቷል ትላላችሁ፣ ሥሩ ይበላል። ምልክቱ ነጭ አመድ፣ ከመሬት ስንጥቅ የሚወጣ ቀጭን ጭስ፣ ያለ ንፋስ የሚወድቅ ዛፍ ነው። ዛፉ የሚወድቀው ሥሩ ስለተቃጠለ ነው። ከላይ ደህና የሚመስለው መሬት ከሥሩ ባዶ ሊሆን ስለሚችል ሁልጊዜ በእንጨት እየወጉ ነው የሚራመዱት።

ላዩን ውሃ መርጨት ልፋት ብቻ ነው። የደረቀ ፒት ውሃ አልቀበልም ይላል፤ ጠብታው እንደ ቅባት ላይ ይንከባለላል። ስለዚህ የመንደሩ የእሳት ቡድን ጫፉ የተበሳሳ የብረት ቱቦ መሬት ውስጥ ሰክቶ ውሃውን ወደ ሥር ይገፋል፣ ሌላው በአካፋ እየገለበጠ እንደ ገንፎ እስኪላቆጥ ያማስለዋል። ከዚያ በባዶ እጅ ከላዩ ላይ ይዳሰሳል፤ ሙቀት ካለ አልጠፋም ማለት ነው። በማግስቱም መመለስ ግድ ነው።

ውሃው ከየት ይመጣል? ቦዩ በዚያ ወቅት ደርቋል። ስለዚህ ከበጋ በፊት ባለ 2 ኢንች ፒቪሲ ቱቦ ፒቱንና ሸክላውን አልፎ ከሥሩ ያለው አሸዋ እስኪገኝ ድረስ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሜትር ነው። ትንሽ የቤንዚን ፓምፕ ሲገጠምበት ውሃ ይሰጣል። የሚበላሸው እንዲህ ነው፦ ቱቦው በአሸዋ ይደፈናል፣ በላዩ ቁጥቋጦ በቅሎ ቦታው ይጠፋል፣ ወይም ከመሬት በላይ የወጣው የፕላስቲክ ጫፍ ራሱ ይቀልጣል። ፓምፑም ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ባስፈለገ ቀን አልነሳ ይላል። በጋው ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ጉድጓድ አስነስቶ የማያይ ቡድን ጉድጓድ የለውም በሉት።

አንድ ግፍ ላንሳ። ከ2015 በኋላ ማቃጠል በጅምላ ተከለከለ ተባለና ኮረብታና ወንዝ ዳር ባለ ተራ አፈር ላይ ሩዝ የሚዘራው የዳያክ ገበሬም አብሮ ተቀጣ። እሱ ሲያቃጥል ዙሪያውን ይመነጥራል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ከነፋሱ በተቃራኒ ይለኩሳል፤ የሰው ጎማ ዛፍ ቢያቃጥል በአዳት፣ ማለትም በባህል ሕግ ይክሳል። በ2009 የወጣው የአካባቢ ሕግ ቁጥር 32 ራሱ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 2 ሄክታር በአካባቢው ልማድ መሠረት ማቃጠልን ከክልከላው ያወጣል። ፖሊሱ ግን የፒቱንና የተራውን አፈር ልዩነት አያውቅም።

እቴ_ቄጤማ
ውሃው ተመለሰ እንበል። ሰዉ ምን ይብላ? ይሄ ካልተመለሰ የቀረው ሁሉ ቀልድ ነው።

ሳተናው
እቴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። እርጥብ ሆኖ የሚያበላ ነገር አለ፤ ግን ሁሉም ገንዘብ አያመጣም።

ቅርቡ ዓሣ ነው። ቤጄ የሚባል በእጅ የተቆፈረ ኩሬ አለ፣ ጥልቀቱ እስከ 2 ሜትር። ረግረጉ በዝናብ ሲሞላ ዓሣው ይገባል፤ ውሃው ሲጎድል ኩሬው ውስጥ ይቀራል። ሃሩዋንና ፓፑዩ የሚባሉት ዓሦች አየር ከላይ ስለሚስቡ በጥቁሩ ውሃ ውስጥም ይኖራሉ። ቦይ መዝጋት ቤጄውን ይጠቅማል፣ እሳት ሲነሳም የውሃ ምንጭ ነው።

ከዚያ ፑሩን አለ፤ የእኛን ቄጤማ የሚመስል ግንዱ ባዶ የሆነ ሣር ነው። ይታጨዳል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ በዘነዘና ተወቅጦ ጠፍጣፋ ሲሆን ሰሌንና ዘንቢል ይሠራበታል። ሥራው የሴቶች ነው፤ ችግሩ ፑሩኑ በሚበቅልበት ረግረግ ላይ ብዙ ጊዜ መብት ስለሌላቸው፣ ቦታው ለተክል ልማት ሲሰጥ ማንም አለመጠየቃቸው ነው። ጀሉቱንግ ለማስቲካ የሚሆን ወተት የሚሰጥ ዛፍ ነው፤ ችግኙ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ጉብታ ተሠርቶለት ካልተተከለ በመጀመሪያው ክረምት ይሰጥማል፣ ለመታለብ ደግሞ ወደ 10 ዓመት ይጠጋል። የወተቱ ገበያ ወጣ ወረድ ይላል፤ ችግኝ የሚያድል ሁሉ ይሄን አይናገርም።

አናናስና ፓልም ዘይትን "ለፒት ተስማሚ" እያሉ የሚሸጡትን አትስሟቸው። ሁለቱም ውሃው ዝቅ እንዲልላቸው ይፈልጋሉ።

ጨፌ_ዳር
የኢሉባቦሩን እኔ ልሞክር። አስቀድሜ ግን፦ ጨፌ ሁሉ ፒት አይደለም። አንዳንዱ ከላይ ቀጭን ብስባሽ ያለበት ሸክላ ነው። መቆፈሪያ አውርዱና አንድ እፍኝ አውጥታችሁ ጨምቁት። በጣቶቻችሁ መሐል ቡናማ ውሃ ከወጣና እጃችሁ ላይ ጭረትና ሥር ከቀረ ፒት ነው፤ ጭቃው ራሱ በጣት መሐል እየተንሸራተተ ከወጣ በጣም የላመ ነው፤ እንደ ጡብ ጭቃ ከተለሰነ ሸክላ ነው።

በሁለቱም ላይ ግን የቦዩ ነገር አንድ ነው። በመቱና በዙሪያው ገበሬው ጨፌውን አጠንፍፎ በቆሎ ይዘራበታል፤ ምርቱ የደጋው እሸት ሳይደርስ፣ የጎተራው እህል ባለቀበት ወር ስለሚመጣ ዋጋው ትልቅ ነው። ስለዚህ "አትንኩ" የሚል ምክር አይሰማም። የሚሠራው ልክ ነው። ከምንጩ ራስጌ ያለውን ጨፌና መውጫው ላይ ያለውን ጨፌ ሳይነኩ መተው፣ መሐሉን ብቻ ማረስ። በቆሎው ሲነሳ ቦዮቹን በአፈርና በሣር መዝጋትና ክረምቱን ውሃ እንዲተኛበት ማድረግ። ሁለተኛ ሰብል አለመዝራት። ከብት አለማስገባት፤ ኮቴው እርጥቡን መሬት ጠቅጥቆ ውሃ እንዳይገባው ያደርገዋል። ዳሩ ላይ ባሕር ዛፍ አለመትከል።

ጨፌው ተመልሶ ቢበቅል መሬቱ ደህና ነው። ለቤት ክዳን የሚቆረጠው፣ ለበዓል የሚነሰነሰው ሣር በሱ ቦታ በሌላ አረም ከተተካ መሬቱ ደክሟል፤ ገበሬው ይህን ከማንም በፊት ያየዋል። የቦይ ጠረጋውን ቀን የሚወስነው፣ እንስሳ እንዳይገባ ጥበቃውን የሚያስተባብረው አባ ለጋ የሚባለው ነው። ከሳተናው የሃንዲል አለቃ ጋር አነጻጽሩት። ሁለቱም ያለ ወረቀት የሚሠሩ ናቸው፤ ለዚህም ነው ከላይ የሚመጣ ዕቅድ በቀላሉ የሚዘልላቸው።

የወንዝ_ማዶ
ካሊማንታን ላይ ብቻ ቆማችሁ ቀራችሁ። በሁለቱ ኮንጎዎች መሐል ያለው ረግረግ በ2017 ሲለካ 145,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ተገኘ፣ በ2022 ወደ 167,600 ከፍ ተደረገ። ወደ 30 ቢሊዮን ቶን ካርበን ይዟል። እዚያ የሚዘጋ ቦይ የለም፤ አልተቆፈረማ። በጋ ሲሆን ሴቶች ረግረጉን በጭቃ ከልለው ውሃውን በሳህን ቀድተው ያወጡና ዓሣ ይለቅማሉ፤ ክረምት ሲመጣ ጭቃው ይፈርሳል፣ ረግረጉም እንደነበረ ይቀጥላል። ያንን እንደ ማድረቅ የቆጠረ ባለሙያ ካለ ቦይ አይቶ አያውቅም።

ፔሩ ሌላ ነው። አጉዋሄ የሚባለው የረግረግ ፓልም ፍሬ የምታፈራው ሴቷ ዛፍ ብቻ ናት። ዛፉ ከ30 ሜትር በላይ ስለሚያድግ ፍሬውን ለማውረድ ይቆርጡታል፤ ደጋግመው ሲቆርጡ ወንዱ ብቻ የቆመበት ደን ይቀራል። መፍትሔው በገመድና በመወጣጫ ማሰሪያ መውጣት ነው፤ ጊዜ ስለሚወስድ ግን ገዢው ተወጥቶ ለወረደ ፍሬ ተጨማሪ ካልከፈለ ሰው ወደ መጥረቢያው ይመለሳል።

አዝመራ12
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቀረኝ አንድ ነው። ግድቡ እየሠራ መሆኑን መንደሩ ራሱ በምን ይለካል?

የአፈር_ሰው
በቱቦ። ባለ 2 ኢንች ፒቪሲ ዙሪያውን ብሳው፣ በቀጭን መረብ ጠቅልለው፣ ሸክላው እስኪይዘው አውርደው። ሸክላ ካልያዘው ፒቱ ሲሰምጥ ቱቦውም አብሮ ይሰምጥና ልኬትህ ይዋሻል። ከቦዩ አጠገብ አንድ ብቻ አትትከል፤ በ10፣ በ50 እና በ200 ሜትር ርቀት አድርግ፣ ቦዩ ውሃ የሚስበው እስከየት እንደሆነ የሚታየው ያኔ ነው። ለመለካት በሳንቲ ሜትር የተሰመረ ቀጭን ጎማ ቱቦ ወደ ውስጥ እየላክህ በአፍህ ንፋ፤ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ውሃው ላይ ደርሰሃል። ያንን ቁጥር ከፒቱ ወለል ጀምረህ ጻፍ፣ ከቱቦው አፍ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ያው ሰው፣ ያው ደብተር። በበጋ 40 ካለፈ ለእሳት ቡድኑ ይነገር።

ግድብ_ሠሪ
ቱቦው ላይ ደማቅ ቀለም ቀቡበት፣ ክዳኑንም በምስማር ይዙት። ንጹሕ ፒቪሲ ሜዳ ላይ ቆሞ ከታየ ለቤት ውሃ መስመር ይፈለጋል።